አዲስ የገባው መዳብ በምን ይታወቃል?



ወደ ላስታ ወጥታችሁ ይምርሐነ ክርስቶስን የተሳለማችሁ እንደምታስታውሱት፥ ያ ቤተ መቅደስ በዋሻ ውስጥ አንዱ ረድፍ እንጨት፥ አንዱ ረድፍ ድንጋይ እየሆነ የታነጸ ነው። እንጨቱን ከድንጋዩ ለመለየት ዐይን አይቸገርም። ነገር ግን ከድንጋዩ አንዱ ወልቆ በመልክም በመጠንም እርሱኑ የሚመስል ቢተካ፥ አዲሱን ማን ይለየዋል? ምናልባት አውርዶ የመዘነ ሰው ብቻ ነው።

የሰውነታችንም ነገር እንዲሁ ነው። መስቀልና ድስት የሚሠራበት መዳብ በጥቂቱ በአካላችን ውስጥ አለ፤ የአንድ ጎልማሳ ሁሉ ቢሰበሰብ 100 ሚሊግራም ያህል ነው። ይህ ጥቂቱ ሲጎድል ጉዳቱ ብርቱ ነው። በአገራችን ስምጥ ሸለቆ የመዳብ እጥረት ከብቶችን እንደሚጎዳ የእንስሳት ሐኪሞች መርምረው አውቀዋል። እናቱ መዳብ የጎደላት ግልገል የኋላ እግሮቹ ይከዱታል። ሣሩ መዳብ ቢኖረውም፥ ሞሊብዴነምና ድኝ ከበዙበት አካል አይወስደውም። እንግዲህ ከተበላው ውስጥ ምን ያህሉ ገባ ብሎ መጠየቅ ግድ ይሆናል።

ለዚህ ተፈጥሮ ራስዋ ምልክት ሰጥታናለች። ከ100 የመዳብ አቶሞች 69 ያህሉ መዳብ 63፥ 31 ያህሉ መዳብ 65 ናቸው። የኋለኛው በ2 ኒውትሮን ይከብዳል እንጂ በአካል ውስጥ የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው። እንዲህ ያሉት ኢሶቶፕ ይባላሉ፤ ሁለቱም ጨረር አይሰጡም።

ሊቃውንት በላቦራቶሪ ለሚያሳድጓቸው ሕዋሳት መዳብ 65 የበዛበት ምግብ ይሰጣሉ። ከዚያም ሕዋሳቱን አጥበው፥ በአሲድ አሟምተው፥ አቶሞችን በክብደት በሚለይ መሣሪያ ይመረምራሉ። የ65 ድርሻ ከተፈጥሮው ልክ ያለፈው ያህል አዲስ የገባውን ያሳያል። ጨረር የሚሰጠው መዳብ 64 በ13 ሰዓት ገደማ እኩሌታው ያልቃል፤ ቋሚው ግን ለሳምንታት ክትትል ይበቃል፥ ለነፍሰ ጡርም በጨረር በኩል አያሰጋም።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1962 ዓ. ም. ሐኪሙ ጆን ሜንክስና ባልደረቦቹ በገለጹት የሕፃናት ደዌ፥ መዳብ ወደ አንጀት ሕዋስ ይገባል፤ ወደ ደም የሚያሳልፈው ፕሮቲን ግን ጎድሏል። ጎተራው ሳይጎድል ቤተ ሰቡ ይራባል ማለት ነው። ለዚህ ሕፃን መዳብ በመርፌ እንጂ በአፍ ቢሰጠው አይጠቅመውም።

እናንተም በየመሥሪያ ቤታችሁ ስለ ምግብና ስለ መኖ የሚጻፈውን ስታነቡ፥ «ይህን ያህል ታደለ» በሚለው ቁጥር አትርኩ፤ ምን ያህሉ ለአካል ደረሰ ብላችሁ ጠይቁ።