ሞተሩን ስንልክ ሄልሜቱንም እንላክ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ጤና እንድናገር ስጋበዝ ብዙዎቻችሁ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር እንደማነሳ ጠብቃችሁ ይሆናል። ዛሬ ግን የማነሳው ሞተር ሳይክልን ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ለወንድሙ ወይም ለእህቱ ልጅ የሞተር መግዣ ያልላከ፣ ወይም ላክ ተብሎ ያልተጠየቀ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሞተር መላክ ክፉ ነው አልልም። አስፋልቱ የሚያልቅበት ቀበሌ ድረስ ክትባት የሚያደርሰው፣ የግብርና ባለሙያው የሚሄደው፣ ወጣቱም ዕቃ አመላልሶ እናቱን የሚጦረው በሞተር ነው። ስንልክ ግን «ሞተሩ ስንት ነው?» ይባላል፤ «ሄልሜቱስ?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ አይሰማም።

እኔ ነርስነት ተምሬ የምሠራው ኢሊኖይ ውስጥ፣ በድንገተኛ ክፍል ነው። ኢሊኖይ ሞተረኛ ሄልሜት እንዲያደርግ የሚያስገድድ ሕግ ከሌላቸው ጥቂት የአሜሪካ ግዛቶች አንዷ ናት። ስለዚህ ያደረገውም ያላደረገውም ወደኛ ይመጣል። የተሰበረ እግር በብረት ታስሮ ይጠገናል። የተጎዳ አንጎል ግን እንደዚያ አይደለም። ከሞት የተረፈው ሰው ማንኪያ መያዝ እንደ ሕፃን እንደገና ሊማር ይችላል፤ ጠባዩ ተለውጦ እናቱ «ይኼ የኔ ልጅ አይደለም» እስክትል ይደርሳል። ይህ ሁሉ መሣሪያ ባለበት አገር ነው። የአንጎል ቀዶ ሕክምና ለማግኘት ሰዓታት መጓዝ በሚያስፈልግበት አካባቢ ምን እንደሚሆን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

የአሜሪካ የመንገድ ትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት በሚያወጣው ግምት፣ በአደጋ ይሞቱ ከነበሩ 100 ነጂዎች 37ቱን፣ ከኋላ ከተፈናጠጡ 100 ሰዎች ደግሞ 41ዱን ሄልሜት ያተርፋል። ከዚህ ቁጥር ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ የተፈናጠጠውም ሄልሜት ያስፈልገዋል። ሁለተኛ፣ ሄልሜት ሁሉንም አያተርፍም፤ ስለዚህ አነዳዱም መስተካከል አለበት። ስልክ ስትደውሉ ለልጁ የምትነግሩትን ልዘርዝር።

መጀመሪያ፣ «አልታየህም ብለህ ንዳ» በሉት። ሞተር ቀጭን ስለሆነ የመኪና ነጂ ሳያየው ያልፋል፤ ቢያየውም ሩቅ ይመስለዋል። በሎስ አንጀለስ ከተማ 900 የሞተር አደጋዎችን የመረመረና በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር ከተፈጠሩት ግጭቶች በሁለት ሦስተኛው ቅድሚያ የከለከለው ሌላው ነጂ መሆኑን አግኝቷል። ሞተረኛው ጥፋት አልነበረበትም፤ የተጎዳው ግን እሱ ነው። በተለይ ከፊት ለፊት መጥቶ ወደ ግራ የሚታጠፍ መኪና ያስፈራል። ቀንም ቢሆን መብራት ያብራ፤ ደማቅ ልብስ ይልበስ፤ መገናኛ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀንሶ ጣቱን ፍሬኑ ላይ ያድርግ። ባጃጅ ደግሞ ተሳፋሪ ካየ ያለ ፍሬቻ ይቆማል። ከፊቱ ካለው ተሽከርካሪ ቢያንስ የሁለት ሰከንድ ርቀት ይጠብቅ።

ሁለተኛው ፍሬን ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ይጓዛል። ልጁ ደንግጦ እጁ ፍሬኑን እስኪይዝ ድረስ ይህን ያህል መንገድ አልፏል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን፣ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። አንዳንዱ «የፊቱ ይገለብጣል» ብሎ የእግሩን ፍሬን ብቻ ይረግጣል። በደረቅ አስፋልት ላይ ግን በደንብ የሚያቆመው የፊቱ ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ፣ የፊቱን ቀስ በቀስ እያጠበቀ ይያዝ። ኮረኮንችና ጭቃ ላይ ለስለስ ያድርግ፤ ኩርባ ከመግባቱ በፊት ፍጥነቱን ይጨርስ። ባዶ ሜዳ ላይ ደጋግሞ ይለማመደው።

ሦስተኛው ጭነት ነው። ሦስት ሰው አይጫን፤ ሕፃን ከፊት አይቀመጥ። እናቶቻችን ሲፈናጠጡ ነጠላቸውን አጥብቀው ይቋጥሩ፤ የነጠላና የጋቢ ጫፍ ካቴናው ወይም ጎማው ውስጥ ገብቶ ሰው ይጥላል። ማታ መንገዱ ላይ መብራት የሌለው ጋሪ፣ አህያና በግ ስላለ ከተቻለ ሳይመሽ ይግባ። ጠላና አረቄ ከቀመሰ ደግሞ ድግስ የሄደው ሞተር እዚያው ይደር።

አደጋ ከደረሰም የወደቀውን ሰው እጅና እግሩን ይዞ ባጃጅ ላይ መወርወር አንገቱን ሊጎዳ ይችላል። እየተነፈሰ ከሆነ ሄልሜቱን አታውልቁ፤ አንድ ሰው ጭንቅላቱን እንዳይነቃነቅ ይያዝለት። የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ ተጫኑት። ውኃ አታጠጡት። ማንሳት ግድ ከሆነ ብዙ ሆናችሁ፣ ጭንቅላቱን፣ አንገቱንና ጀርባውን በአንድ መስመር ይዛችሁ አንሱት።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። ገንዘቡን የምንልከው እኛ ስለሆንን የምንናገረው ይሰማል። ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፣ «መጀመሪያ የሞተር መንጃ ፈቃድህን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ ከዚያ ገንዘቡን እልካለሁ» በሉ። በሞተሩ ዋጋ ላይ የሁለት ሄልሜት ጨምሩ፤ አንዱ ለነጂው፣ አንዱ ለተፈናጣጩ።

ሁለተኛ፣ አገር ቤት የምትሄዱ አንድ ሄልሜት ያዙ። ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ነው፤ ውስጡን ልብስ ጠቅጥቃችሁ ሻንጣ ውስጥ ማስገባት ትችላላችሁ። ከመግዛታችሁ በፊት ልጁ ከቅንድቡ በላይ ዙሪያውን በሜትር ለክቶ ይንገራችሁ። ጥሩ ሄልሜት ጉንጭን ይጫናል፤ ማሰሪያው ታስሮ ከኋላ ወደ ፊት ሲገፉት አይወልቅም። አሜሪካ ያላችሁ ዲ.ኦ.ቲ.፣ አውሮፓ ያላችሁ ክብ ውስጥ ኢ የሚል ምልክት ያለውን፣ ከታወቀ ሱቅ ግዙ። ያገለገለ አትላኩ፤ አንዴ ከመንገድ ጋር የተጋጨ ሄልሜት ሥራውን ጨርሷል፤ ስንጥቁ ከውጭ ላይታይ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ማኅበራችን ለጤና ጣቢያም ሆነ ለሌላ ሥራ ሞተር ሲገዛ፣ ሄልሜትና የነጂ ሥልጠና በዚያው በጀት ውስጥ እንዲገባ ዛሬ በውሳኔ እንድናጸድቀው አቀርባለሁ።

ሞተሩን የምንልከው ልጁ ቤተሰቡን እንዲያግዝ ነው። የሚያግዘው ደግሞ ማታ በሰላም ቤቱ ሲገባ ነው።