የመንገድ ሥራ ዕቅድና የወጪ ጭማሪ
ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር



በኢትዮጵያ የመንገድ ሥራ ራሱን በቻለ መሥሪያ ቤት መመራት የጀመረው በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የመሥሪያ ቤቱ ስም ተለዋውጧል፤ መሣሪያው ተሻሽሏል፤ የመንገዱም ርዝመት በብዙ እጥፍ አድጓል። እስከ ዛሬ መፍትሔ ያላገኘው ነገር ግን ውል ሲፈረም የሚጻፈው ዋጋና ሥራው ሲያልቅ የሚከፈለው ሒሳብ አለመገናኘታቸው ነው።

ችግሩ የአንድ አገር ብቻ አይደለም። ቤንት ፍሊቭብየርግና ባልደረቦቹ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት በ20 አገሮች የተሠሩ 258 የመጓጓዣ ፕሮጀክቶችን መርምረው፣ ከአሥሩ በዘጠኙ ወጪው ከግምቱ በላይ መሆኑን፣ በመንገዶችም ላይ ጭማሪው በአማካይ 20 በመቶ ያህል መድረሱን አሳይተዋል። ነገሩ የዋህ ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ግምቱ አንዳንዴ በልጦ አንዳንዴም አንሶ በተገኘ ነበር። ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል ግን ምክንያቱን በአገማመቱ ውስጥ መፈለግ ግድ ይሆናል።

የወጪ ጭማሪ በተነሣ ቁጥር ተወቃሹ ብዙውን ጊዜ ሥራ ተቋራጩ ነው። ይሁን እንጂ ከጭማሪው ብዙው የሚወለደው ዶዘሩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በጥናቱ ጠረጴዛ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል ጥቁር መረሬ አፈር ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በጥናቱ ጊዜ የሙከራ ጉድጓዶች ተራርቀው በመቆፈራቸው 5 ኪሎ ሜትር የተባለው መረሬ በሥራ ጊዜ 15 ሆኖ ተገኘ እንበል። መንገዱ 10 ሜትር ስፋት ቢኖረውና አፈሩ አንድ ሜትር ጥልቀት ተቆፍሮ በተመረጠ አፈር መተካት ቢኖርበት፣ ያልታሰበው ሥራ 100,000 ሜትር ኩብ መቆፈርና ያንኑ ያህል ከሩቅ አምጥቶ መሙላት ይሆናል። የጥቂት ጉድጓዶችን ወጪ ማዳን ይህን ዕዳ ያመጣል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ የወሰን ማስከበር ጉዳይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ባለይዞታው ከመነሣቱ በፊት ካሳ ሊከፈለው ይገባል። ካሳው በዕቅዱ ውስጥ በጊዜው ካልተያዘ ግን ገበሬው በሥጋት፣ ሥራ ተቋራጩም መሣሪያውን አቁሞ ይጠብቃሉ፤ የቆመው መሣሪያ ኪራይም በካሳ ጥያቄ መልክ ለአሠሪው ይቀርባል። አንድ በጋ ካመለጠ ደግሞ የአፈር ሥራው እስከ ቀጣዩ መስከረም ይቆያል። በዚህ መካከል የሬንጅና የነዳጅ ዋጋ ባለበት አይቆምም፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ ሥራቸው የተጓተተባቸው ሁሉ የመዘግየትን ዋጋ ለማየት በቅተዋል።

ሕዝቡ መንገድ እየጠበቀ ጥናት ማስረዘም አይገባም የሚል ክርክር ይሰማል። ክርክሩ ከቅን ልቦና የመነጨ ነው፤ ሆኖም ሳይጠና የተጀመረ መንገድ በቶሎ ይጀመር እንጂ በቶሎ አያልቅም። በአንዱ መንገድ ላይ ያለዕቅድ የፈሰሰው ገንዘብም የሚወሰደው ከሌላው ነው። ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ የምትወሰድበት ወረዳ ተራውን ሲያጣ፣ የጉዳቱን መጠን የሚመዘግብ የሒሳብ መዝገብ የለም።

ስለዚህ የጥናት ገንዘብ እንደ ትርፍ ወጪ መታየቱ ሊቀር፣ የወሰን ማስከበሩ ሥራ ከጨረታው ሊቀድም፣ የመጠባበቂያውም ሒሳብ በልማድ ሳይሆን ባለፉት ሥራዎች ውጤት ሊሰላ ይገባል። ከሁሉ በላይ ግን መሐንዲሱ ፕሮጀክቱ እንዲጸድቅ ሲባል ግምቱን ዝቅ እንዲያደርግ በተጠየቀ ጊዜ፣ እውነተኛውን ዋጋ ጽፎ የመፈረም ድፍረት ሊኖረው ያሻል። ይህን ድፍረት ያሳየ መሐንዲስ ብቻውን እንዳይቀር ከጎኑ መቆም የዚህ ማኅበር ተግባር ነው።