ፖከርና የሰው ልቡና

(በማኅበራችን የውይይት ምሽት የተነበበ ንግግር)



ስለ ካርታ ጨዋታ ለመናገር ስንነሣ፥ «ማኅበሩ ቁማር ሊያስተምረን ነው ወይ?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። የምንመረምረው ካርታውን ሳይሆን ካርታውን የያዘውን ሰው ነው።

ቴክሳስ ሆልደም በሚባለው የፖከር ዓይነት እያንዳንዱ ተጫዋች 2 ካርታ ለብቻው ይይዛል፤ 5 ካርታ ደግሞ ለሁሉ በገሃድ ይዘረጋል። አንዱ 2 አስ፥ ሌላው 2 ንጉሥ ይዘው አምስቱ ሳይገለጡ ገንዘባቸውን ሁሉ ቢያስይዙ፥ ባለ አሱ ከ5 ጊዜ 4 ጊዜ ያህል ያሸንፋል። አምስተኛው ጊዜ ደርሶ ቢበላ ግን ምን ይላል? ወይ «ተሳሳትሁ» ይላል፤ ወይ «ዕድሌ ጠማማ ነው» ብሎ ይቈጣል። ሁለቱም አያስኬድም። ውሳኔው መልካም ነበር፤ የከፋው ውጤቱ ብቻ ነው። ይህን ለይቶ ማየት የጨዋታው የመጀመሪያ ትምህርት ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ይከብዳል። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንት በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፥ ሰው ገንዘብ ሲያገኝ ከሚሰማው ደስታ ይልቅ ያንኑ ያህል ሲያጣ የሚሰማው ሐዘን እንደሚበልጥ፥ ኪሳራውን አምኖ ያልተቀበለም ሰው በደኅና ቀን የማይነካውን ዕጣ እንደሚደፍር አስረድተዋል። ንዴት ማሰብን ሲያሸንፍ ተጫዋቾች «ቲልት» ይሉታል። የተበላውን ለማስመለስ የሚሮጥ ሰው የቀረውንም ያስበላል። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይባላል፤ እርሱ ግን የሚለቅመውንም አያገኝ።

ፊትን እንደ ድንጋይ ማድረግስ? ይጠቅም ይሆናል። ነገር ግን በ2017 እ.ኤ.አ. በፒትስበርግ ከተማ ሊብራተስ የተባለ የኮምፒዩተር ፕሮግራም 120,000 ዙር ተጫውቶ 4 ባለሙያዎችን ድል ነሥቷል። የሰው ፊት አያይም፤ የሚደብቀውም ፊት የለውም፤ ሆኖም ደካማ ካርታ ይዞ እንደ ብርቱ ያስይዝ ነበር። ማስመሰል እንኳ የስሌት ሥራ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

እንግዲህ፥ ጓደኞቻችን፥ ነገ በየሥራው ስንሰማራ ባልተሟላ ማስረጃ መወሰናችን አይቀርም። ያን ጊዜ የተሳካለትን ሁሉ ብልህ፥ ያልተሳካለትን ሁሉ ሰነፍ እያልን ብንፈርድ፥ ዕድለኛውን ሾመን አስተዋዩን እናባርራለን። ስለዚህ ከቁማሩ ጠረጴዛ ትምህርቱን እንውሰድ፤ የወር ገንዘባችንን ግን እዚያ አንተው።