ቲማቲማችን ለምን ጠቆረ?



በጋራ ቁጠባችን የገዛነው የቲማቲም ችግኝ ባለፈው ሐምሌ ቅጠሉ ጠቁሮ በሳምንት ውስጥ አለቀ። «ተረኛዋ ሳትንከባከበው ቀርታ ነው» ተባባልን፤ እህታችን ተቀይማ ከስብሰባ ቀረች።

ጥፋቱ ግን የእሷ አልነበረም። የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክረምት ብርድና ዝናብ ነው፤ ድንችንም ቲማቲምንም የሚያጠቃው በሽታ በእርጥብ ቅጠል ላይ ቶሎ ይዛመታል። ቃሪያውም በብርዱ ቀጭጮ አበባውን አራገፈ።

አሁን የምንተክለው ዝናቡ ሲያባራ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ውሃ የምናጠጣው ሥሩን እንጂ ቅጠሉን አይደለም። የታመመውን ቅጠል ቆርጠን እናርቃለን። ቃሪያውን የኅዳር ውርጭ እንዳያገኘው ከግድግዳ አስጠግተነዋል። ቲማቲም በነበረበት መሬት ደግሞ ጎመን እናስከትላለን።

እህታችንን ቤቷ ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። የዘንድሮውን የመጀመሪያ ቃሪያ የለቀመችው እሷ ናት።