ከመፈረም በፊት

አባቶችና ወንድሞች ሆይ! ዛሬ የምናወጋችሁ ስለሚያሳፍር ነገር፣ ስለ ሽንት ነው።

ፕሮስቴት ወንድ ሁሉ ያለው፣ ከሽንት ፊኛ ሥር የሚገኝ እጢ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ያብጣል፤ ሽንት ያቆራርጣል። ያበጠ ሁሉ ግን ካንሰር አይደለም። የደም ምርመራ ብቻውን አይበቃም። ከእጢው በመርፌ ጥቂት ተወስዶ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ነው የሚለየው።

ካንሰር ከሆነ፣ ከቢቸናም ሆነ ከሞጣ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ልንላክ እንችላለን። እዚያ የማናውቀው ሐኪም «ቀዶ ሕክምና ይደረግ» ቢለን እንመነው? በሬ ስንገዛ እንኳ ጥርሱን ሳናይ ገንዘብ አንቆጥርም!

እንግዲያው እንጠይቅ። «ዶክተር፣ ይህን ሥራ ስንት ጊዜ ሠርተዋል? ኋላ ሽንት ያመልጠኛል ወይ? ከባለቤቴ ጋራስ እንደ ቀድሞው እሆናለሁ?» ሁለቱም ሊደርሱ የሚችሉ ጉዳቶች ናቸው፤ ደኅና ሐኪም አይደብቃቸውም። ካንሰሩ ቀስ ብሎ የሚያድግ ከሆነ፣ ሳይቀደዱ እየተመረመሩ መቆየትም አለ። ይህንንም ጠይቁ። ጥያቄ የሚያስቆጣው ሐኪም ከገጠማችሁ ሌላ ሐኪም አማክሩ።

ዱሮ የስምምነቱ ወረቀት ሲመጣ አውራ ጣታችንን ቀለም ነክረን እናሳርፍ ነበር። አሁን ፊደል ቆጥረናል። መስመር በመስመር እናንብበው፤ ያልገባንን ቃል ሐኪሙ ያስረዳን። ልጅ ወይም ወንድም አብሮ ይቀመጥ፤ የደነገጠ ሰው የሰማውን ይረሳል።