የሌሊት አበቦችና የመንገድ መብራት



በነቀምቴ ከተማ፣ በባኬ ጃማም ሆነ በሌላው ሰፈር፣ በአጥር ሥርና በጥራጊ መጣያ ዳር አስተናግር ይበቅላል። መርዛም በመሆኑ ከብት ይሸሸዋል፤ ሰውም ከአረም አይለየውም። ነገር ግን ፀሐይ ስትጠልቅ መለከት የሚመስለውን ነጭ አበባውን ይከፍታል፤ ሽታውም ያን ጊዜ ይበረታል።

ንቦች ወደ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ የሚፈካ አበባ ማንን ይጠብቃል? የሚጠብቀው የእሳት እራትን ነው። ትልልቆቹ የእሳት እራቶች ክንፋቸውን እያርገበገቡ ባየር ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ እንደ ሽቦ የተጠቀለለውን ረጅም ምላሳቸውንም ዘርግተው ከአበባው ግርጌ ማሩን ይመጥጣሉ። ሽታው ከሩቅ ይጠራቸዋል፤ ንጣቱ በጨለማ ይመራቸዋል፤ በአካላቸው ላይ የተጣበቀው የአበባ ብናኝም ወደ ሌላው አበባ ይሻገራል።

ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1862 አንድ የማዳጋስካር ነጭ ኦርኪድ ተመለከተ። ማሩ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል በሚረዝም ቱቦ ሥር ስለ ነበረ፣ ይህን የሚያህል ምላስ ያለው የእሳት እራት መኖር አለበት ሲል ገመተ። የእሳት እራቱ ተገኝቶ ስም የተሰጠው በ1903፣ ዳርዊን ከሞተ ከ21 ዓመት በኋላ ነው።

የአማርኛ ስሙ ግን አደጋውንም ይናገራል። የእሳት እራት በሚበርበት ጊዜ ጀርባውን የሚያዞረው ብርሃን ወዳለበት ነው። በተፈጥሮው ይህ ብርሃን ሰማዩ ነበር፤ መብራት በጎኑ ሲበራ ግን ጀርባውን ወደዚያው ስለሚያዞር እየተሽከረከረ ይቀራል። በስዊዘርላንድ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ መብራት በተተከለባቸው ሜዳዎች አበቦችን የሚጎበኙት የሌሊት ነፍሳት በ62 በመቶ ቀንሰዋል፤ የተጠናው ተክል ፍሬም በ13 በመቶ አንሷል። ቀን የመጡት ነፍሳት ጉድለቱን አልሞሉትም። አስተናግር በገዛ ብናኙ ማፍራት ስለሚችል ያለ እንግዳው አይጠፋም፤ እንግዳው የግድ የሚያስፈልጋቸው አበቦች ግን ዘር አልባ ሆነው ይቀራሉ።

ይህ ሲባል ከተማው ይጨልም ማለት አይደለም። በሌሊት ወደ ሐኪም ቤት የምትሄድ እናት መንገዷን ማየት አለባት። ስለዚህ በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ የመንገድ መብራት ሲታቀድ የመሐንዲሱ ተግባር ብርሃኑን በሚፈለግበት ቦታ ብቻ ማሳረፍ ነው፤ ይኸውም መብራቱን ከላይና ከጎን መከለል፣ ሰማያዊ ጨረር ያነሰበትን ቢጫ አምፖል መምረጥ፣ መንገደኛ በሚጠፋበት ሰዓትም ኃይሉን መቀነስ ነው። ወደ ሰማይና ወደ አጥር ሥር የሚፈሰው ብርሃን ለማንም ሳይጠቅም የሚባክን ኤሌክትሪክ ነው። እሱን ማዳን ቆጣሪውንም አበባውንም ይጠቅማል።