ገመድ መዝለል ለጤና

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እድራችን ድንኳን አለው፤ ወንበር አለው፤ ድስትና ብርጭቆ አለው። ጥሩንባ ሲነፋ ሁላችንም ግር ብለን እንወጣለን። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን አንድ አባወራ ድንገት ወድቆ ሲቀር፣ እድሩ የሚሰጠው ገንዘብ ልጆቹን አያሳድግም። ስለዚህ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ ዛሬ ስለ ጤና ጥቂት ልናገር ተነስቻለሁ። የምናገረው ስለ አንዲት ቁራጭ ገመድ ነውና አትሳቁብኝ።

እኔ ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት ወንበር ላይ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ጡረታ ስወጣ ደም ግፊት ተከትሎኝ መጣ። ሐኪሙም «መድኃኒቱን ሳያቋርጡ በየቀኑ ሰውነትዎን ያንቀሳቅሱ» አሉኝ። በመካከላችን ባለሱቅ፣ ልብስ ሰፊ፣ ሾፌር፣ የቢሮ ሠራተኛ ሞልቷል፤ ሁሉም ቁጭ ብሎ እንጀራውን የሚያገኝ ነው። ደም ግፊትና ስኳር ደግሞ ቁጭ ያለ ሰው ይወዳሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ ለምሳሌ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ፣ ወይም 75 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ገመድ መዝለል ከጠንካራው ወገን ነው። 75 ደቂቃ ለአምስት ቀን ሲካፈል በቀን 15 ደቂቃ ብቻ ይደርሳል። ምን አለፋችሁ፣ ቡና እስኪፈላ ያልቃል! ቦክሰኞች ገመድ የሚዘሉት ለትንፋሻቸውና ለእግራቸው ቅልጥፍና ነው። ልብንና ሳንባን ያሠራል፤ አጥንትንም ያጠነክራል።

አዘላለሉ እንዲህ ነው። የገመዱን መሐል በእግር ረግጣችሁ ሁለቱን ጫፍ ወደ ላይ ስትስቡ ብብት ድረስ ይድረስ። ቢረዝም ይጠላለፋል፤ ቢያጥር እግር ይመታል። ክርናችሁን ወደ ጎናችሁ አስጠጉ፤ ገመዱን በእጅ አንጓ አዙሩት እንጂ በትከሻ አትወርውሩት። ከመሬት ሁለት ጣት ያህል ከፍ ማለት ይበቃል። ስታርፉ በእግራችሁ ፊት በኩል ይሁን፤ ጉልበታችሁንም ትንሽ ለቀቅ አድርጉት። ከሲሚንቶ ይልቅ ደልዳላ አፈር ይሻላል፤ ሸራ ጫማም ይደረግ። ገመድ ፈልጉ ስል ግን የድንኳኑን ቁረጡ ማለቴ አይደለም፤ ንብረት ክፍላችን እያዩኝ ነው።

ደግሞም «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»። በመጀመሪያ 20 ሰከንድ ዘልሎ 40 ሰከንድ ማረፍ፤ ይህንንም አምስት ጊዜ መድገም። ከዚያ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ መጨመር ነው። እኔ አስቀድሜ ሁለት ወር በእግር ተጓዝኩ፤ ሐኪሙንም ጠይቄ ገመዱን ጀመርኩ። የጸሐፊነት ልማድ አይለቅምና በደብተር እመዘግባለሁ፦ በመጀመሪያው ቀን ሳላቋርጥ 12 ጊዜ ዘለልኩ፤ አሁን 60 ደርሻለሁ።

አደራ የምለው ነገር አለ። የልብ ሕመም ያለበት፣ ግፊቱ ያልተስተካከለለት፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ ስኳር ኖሮበት እግሩን የሚያደነዝዘው፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር፣ ሐኪም ሳይጠይቁ እንዳይዘሉ። ደረት ከጨነቀ ወይም ራስ ካዞረ ወዲያው አቁሞ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ገመድ የመድኃኒት ምትክ አይደለም። መዝለል ለማይችሉ እናቶችና አባቶች የእግር ጉዞ አለላቸው፤ ወንበር ይዞ ተረከዝን ከፍ ዝቅ ማድረግም ይጠቅማል።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። መዋጮ በምንከፍልበት እሑድ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለን እንምጣ። ወጣቶች ያሳዩን፤ የቻልን እንዝለል፤ ያልቻልን ግቢውን እንዙር። ወጪው የገመድ ዋጋ ብቻ ነው። መሞት አይቀርም፤ እስከዚያው ግን ለቅሶ ደርሰን ድንኳን የምንተክልበት ጉልበት ይኑረን።